አረፋ ሲገነፍል፣ ነጩ ሲጠቁር፣ ብርጭቆው ሲጎም፦ የማሽን ሳሙና ችግርና መፍትሄ

ልብስ ማጠቢያው ውሃ ሲያንጠባጥብ ወይም ዕቃ ማጠቢያው ብርጭቆ ላይ ነጭ ነገር ሲተው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሽኑ ነው። ባለሙያ ከመጥራት በፊት ግን የሳሙናውን ማሸጊያ አገላብጦ ማንበብ ይቀድማል። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን የሚደረደሩት የእጅ ኦሞ፣ የማሽን ኦሞና ላርጎ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሳሙና ደግሞ ከሦስቱም ይለያል፤ አረፋ የለውም፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ በእጅ አይነካም።

አረፋ በመሳቢያው በኩል ሲገነፍል

ከፊት የሚከፈት ልብስ ማጠቢያ የሚያጥበው ልብሱን ወደ ላይ አንስቶ በመጣል ነው። አረፋ ሲበዛ ልብሱ ትራስ ላይ እንደወደቀ ይሆናል፤ መፈተግ ይቀራል። ፓምፑም ከውሃ ይልቅ አየር ስለሚስብ ውሃው አይወጣም፤ መጭመቂያው ሳይዞር ይቆማል ወይም ማሽኑ የስህተት ምልክት ያሳያል። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ኦሞ ነው። በሳፋ የሚያጥብ ሰው ሳሙናውን የሚመዝነው በአረፋው ስለሆነ፣ የእጅ ኦሞ ብዙ አረፋ እንዲያወጣ ተደርጎ ይሠራል። የማሽን ኦሞ ላይ ግን አረፋን የሚያከስም ነገር ይጨመርበታል።

አረፋው ከተነሳ ማሽኑን አቁሙና ውሃው እንዲወጣ አድርጉ። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ማለስለሻ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ በማለስለሻው ክፍል ጨምሩና፣ ምንም ሳሙና ሳታክሉ «ማለቅለቅና መጭመቅ» የሚለውን አስጀምሩ። ማለስለሻው የአረፋ ሰሪውን ተቃራኒ ቻርጅ ስለሚይዝ ሁለቱ ተያይዘው አረፋው ይወርዳል። በዚያው ምክንያት ሳሙናና ማለስለሻ በአንድ ክፍል አብረው አይጨመሩም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ያጠፋል።

ከእጅ ኦሞ ሌላ ከሌለ ለ5 ኪሎ ልብስ አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ እሱም የግድ ሲሆን ብቻ። ማጠቢያና መጭመቂያው ለየብቻ የሆነ ሁለት ጎድጓዳ ማሽን ይበልጥ ይታገሳል።

ኦሞው መሳቢያው ውስጥ ረግቶ ሲቀር

መሳቢያውን ስትስቡት ከታች እርጥብ፣ ከላይ ደረቅ የሆነ እንደ ሊጥ የተጋገረ ኦሞ ካገኛችሁ፣ ጉዳዩ የውሃ ግፊት ነው። ውሃው ከላይ በትናንሽ ቀዳዳዎች እየተረጨ ዱቄቱን ማጠብ አለበት። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ ግማሽ ባር ያህል ግፊት ይፈልጋሉ፤ አንድ ባር ማለት ደግሞ የ10 ሜትር ከፍታ ያህል ነው። ሮቶው ከማሽኑ በላይ 3 ሜትር ላይ ከተቀመጠ የሚመጣው 0.3 ባር ገደማ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ሲመጣ ደህና፣ በሮቶ ሲሆን የሚረጋ ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

መጀመሪያ ርካሹን ሞክሩ፦ ውሃውን ዝጉ፣ ከማሽኑ ጀርባ የሚገባውን ቱቦ ፍቱና መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት በጉጠት አውጥታችሁ በጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ቧንቧ ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣው ውሃ ደለል ስለሚያመጣ ወንፊቷ ቶሎ ትደፈናለች። ካልተሻለው ወይ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ማስገባት ነው፣ ወይ ወደ ፈሳሽ ሳሙና መዞር። ዱቄቱን ልብሱ መሃል ከበሮው ውስጥ መበተንም ይቻላል፤ ጥቁር ልብስ ላይ ግን ነጭ መስመር እየተወ ያስቸግራል።

ነጠላው ሲጠቁር ወይም ቢጫ ሲሆን

ሁለቱ አንድ ችግር አይደሉም። ግራጫ እየሆነ የሚሄድ ነጭ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ የከባድ ውሃ ሰለባ ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሳሙናውን ይዘው እንደ አይብ የረጋ ነገር ይሠራሉ፤ እሱ ክሩ ውስጥ ገብቶ ቆሻሻውን መልሶ ይይዛል። የድሬዳዋ ሰው ይህን ከማንቆርቆሪያው ቅርፊት ያውቀዋል።

ውሃችሁን በቀላሉ መፈተን ትችላላችሁ። ግማሽ ሊትር ጠርሙስ እስከ ሩቡ ውሃ ሙሉ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የደረቅ ሳሙና ፍቅፋቂ ጨምሩ፣ አሥር ጊዜ ናጡት። አረፋው ሳይጠፋ ከቆየና ውሃው ጥርት ካለ ውሃው ቀላል ነው። አረፋው ወዲያው ጠፍቶ ውሃው እንደ እርጎ አጓት ከደፈረሰ ከባድ ነው። ፈተናው በኦሞ ወይም በላርጎ አይሠራም፤ እነሱ ከባድ ውሃ ላይም አረፋ ያወጣሉ። ከባድ ከሆነ የማሽን ኦሞውን መጠን በሩብ ከፍ አድርጉ፣ ለነጭ የጥጥ ልብስ ደረቅ ሳሙና አትጠቀሙ።

ቢጫው ደግሞ ብዙ ጊዜ የበረኪና ሥራ ነው። የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለ ብረት በረኪና ሲነካው ዝገት ሆኖ ልብሱ ላይ ይቀራል። «ትንሽ ቢጫ አለው» ተብሎ በረኪና ሲጨመርበት ይብስበታል። ለዚህ በ5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ በጥብጦ ለ30 ደቂቃ መዘፍዘፍና አጥርቶ ማለቅለቅ ነው። ልብሱ ላይ የበረኪና ሽታ ካለ መጀመሪያ በውሃ ብቻ አለቅልቁት፤ በረኪና ከአሲድ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ጥለት ያለው ነጠላ ከሆነ በረኪና ይቅርበት። የኦክስጅን ማንጫ፣ ማለትም ሶዲየም ፐርካርቦኔት፣ 30 ግራም በ5 ሊትር የ40 ዲግሪ ውሃ በቂ ነው፤ ግን አስቀድሞ የጥለቱን ጫፍ አርጥቦ ነጭ ጨርቅ ላይ መጫን ያስፈልጋል። ቀለም ካተመ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻው፣ ሳይዘፈዘፍ።

ፈሳሽ ወይስ ዱቄት?

የማንጫው ነገር የሁለቱን ልዩነት ያመጣል። ጥሩ የማሽን ዱቄት ውስጥ ብዙ ጊዜ የኦክስጅን ማንጫ አለ፤ ፈሳሹ ውስጥ ግን የለም፣ ፈሳሽ ውስጥ ስለማይቆይ። ስለዚህ ለነጭ አንሶላና ፎጣ ዱቄት፣ ለጥቁርና ለባለቀለም ፈሳሽ። ቅባት ላይም ፈሳሹ ይበልጣል። ቅቤ የተቀባ ራስ ያረፈበት የትራስ ልብስ ታጥቦም የሚሸተው ቅቤው ከክሩ ሳይወጣ ስለሚኮመጥጥ ነው፤ ፈሳሹን በቀጥታ ቦታው ላይ አፍስሶ 15 ደቂቃ አቆይቶ በ40 ወይም በ60 ዲግሪ ማጠብ ይፈታዋል። ደም ግን ተቃራኒው ነው፤ ሙቅ ውሃ ያበስለዋል፣ በቀዝቃዛ ይጀመር። ሱፍና ሐር ኤንዛይም ያለው ሳሙና አይቀርባቸው፤ ፕሮቲን የሚበላው ኤንዛይም እነሱንም ይበላል።

ማሽኑ ራሱ ከሸተተ ምክንያቱ ሁልጊዜ በቀዝቃዛና በፈሳሽ ማጠብ ነው ማለት ይቻላል። የበሩን ጎማ እጥፋት ጥረጉ፣ ከዚያ ባዶውን በማንጫ ዱቄት በ90 ዲግሪ አንድ ጊዜ አዙሩት፤ በሩ ክፍት ይደር።

ዕቃ ማጠቢያው ወለሉን አረፋ ሲያለብስ

ታብሌቱ ሲያልቅ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ላርጎ ይጨመራል። ዕቃ ማጠቢያ ውሃውን በኃይል እየረጨ ስለሚያዞር አንድ ማንኪያ ላርጎ ለመገንፈል ይበቃል። ማሽኑን አጥፉ፣ ከፍታችሁ አረፋውን በኩባያ ዝቃችሁ አውጡ፣ ያልወጣው ላይ እፍኝ ጨው በትኑ። ከ3 እስከ 4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምራችሁ ውሃ ማስወጫውን ብቻ አስነሱ፤ አረፋ እስኪጠፋ ድገሙት።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ ውሃ አልቀበል ብሎ ፓምፑ ሳያቋርጥ ቢጮኽ ተቃጠለ አትበሉ። አረፋው ወደ ታችኛው ትሪ ወርዶ የጎርፍ መከላከያውን ተንሳፋፊ አንስቶታል። ከሶኬት ነቅላችሁ ለአንድ ቀን ያህል ይድረቅ፤ ካልለቀቀ ትሪው ተከፍቶ በጨርቅ ይደረቃል።

ብርጭቆ ላይ ነጭ ጉም ሲቀር

ጣታችሁን አቼቶ ነክራችሁ ብርጭቆውን ጥረጉ። ጉሙ ከለቀቀ የውሃ ኖራ ነው፤ ካልለቀቀ ብርጭቆው ራሱ ተበልቷል፣ አይመለስም። መፍትሄያቸው ተቃራኒ ስለሆነ ይህን ሳይለዩ ሳሙና መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ኖራ ከሆነ የማሽኑ የጨው ጋን (ውሃውን የሚያለሰልሰው ጨው የሚጨመርበት) ባዶ ነው ወይም ማሽኑ ላይ የተሞላው ውሃው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ዝቅ ብሏል። በአውሮፓ ህብረት ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ እጥበት የሚገባው ፎስፎረስ ከ0.3 ግራም እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ውሃን ያለሰልስ የነበረው ፎስፎረስ ያለበት ቅመም (ፎስፌት) ስለወጣ፣ ከዚያ የሚመጣ ታብሌት ከድሮው ይልቅ የጨው እርዳታ ይፈልጋል። የወጥ ቤት ጨው አይሆንም፤ ልሙ መውጫውን ይደፍናል፣ የተጨመሩበት ነገሮችም አይስማሙትም። ባለጠጠር የዕቃ ማጠቢያ ጨው ግዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ብቻ 1 ሊትር ያህል ውሃ ይቀድማል፣ ከዚያ ጨው እስኪሞላ።

የተበላ ብርጭቆ የሚመጣው ግን በቀላል ውሃ ላይ ሳሙናና ሙቀት ሲበዛ ነው። ታብሌት ትታችሁ ዱቄት ያዙ፣ መጠኑንም ወደ 15 ግራም አውርዱ፣ የብርጭቆ ወይም የ40 ዲግሪ ፕሮግራም ምረጡ።

ምግብ ሲቀር፣ ድስት ሲጠቁር

ሳህን ላይ የደረቀ እንጀራ ካልለቀቀ ፕሮግራሙ አጭር ሆኖበት ነው። ስታርቹን የሚፈታው ኤንዛይም ጊዜና ከ50 ዲግሪ ያላነሰ ውሃ ይሻል፤ የ30 ደቂቃው ፕሮግራም ያን አይሰጠውም። ታብሌቱን ዝም ብሎ ከበሩ ስር መጣልም ስህተት ነው፤ በመጀመሪያው ማለቅለቂያ ሟሙቶ ዋናው እጥበት ሳይጀመር ይፈሳል። ክዳኑ ያለው ቦታ ይግባ፣ ከፊቱ ትልቅ ትሪ እንዳይደገፍበት። ሲኒ ላይ የቡና ቀለም ከቀረ ጄል እየተጠቀማችሁ ይሆናል፤ እንደ ልብሱ ፈሳሽ ሁሉ ጄሉም ማንጫ የለውም።

የአልሙኒየም ድስት ከገባ ሳሙናው መከላከያ ሽፋኑን ልጦ ያጠቁረዋል። ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጡ ለ15 ደቂቃ አፍልታችሁ በለስላሳ ሽቦ ብትፈትጉት ይነጣል፤ ከዚያ በእጅና በላርጎ ብቻ። ጀበናና የሸክላ ድስት ግን በላርጎም አይታጠቡ፤ ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣና በሚቀጥለው ቡና ላይ ይተፋዋል።