ኮሌስትሮልዎን ሲለኩ ብግነቱንም ይጠይቁ

ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ወርዶ የኮሌስትሮል ውጤቱን የተቀበለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ከፍ ብሏል ወይ?» ብሎ ብቻ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ኤልዲኤል የተባለው ኮሌስትሮል ተሸካሚ ከደም ቅዳው ውስጠኛ ሽፋን ሥር ሰርጎ ገብቶ ሲበላሽ፣ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮት ነጭ የደም ሴሎችን ይልክበታል፤ እነርሱም ስቡን እየዋጡ፣ እያበጡ እዚያው ይከማቻሉ። ብግነት የሚባለው ይህ ነው። ክምችቱን የሸፈነውን ስስ ሽፋን እያሳሳ የሚያስቀድደውም እርሱ ሲሆን፣ በተቀደደው ላይ ደም ሲረጋ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ይከተላል።

ስለዚህ ከኤልዲኤል ጋር፣ ለልብ ሥጋት መለኪያ የሚሆነው ጥቃቅን መጠን የሚለየው የሲአርፒ (ብግነት ሲኖር በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ምርመራ የሚገኝ ከሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ውጤቱ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ከሆነ ሥጋቱ ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ተብሎ ይወሰዳል። ጉንፋን ይዞዎት ወይም ጥርስዎ አብጦ ሳለ አይለኩ፤ ከ10 በላይ የሆነ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ኢንፌክሽን እንጂ ስለ ደም ቅዳ አይደለምና፣ ከዳኑ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይድገሙት።

ቀጥሎ ብግነቱን የሚያባብሰውን ይፈልጉ። ሲጋራ፣ የሆድ ውፍረት፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳርና የሚደማ ድድ የታወቁ ናቸው። በእኛ ደጋ ግን ብዙም የማይነሣው ጭሱ ነው። በመንዝና በጣርማበር ብርድ በሩ ተዘግቶ ኩበት ሲነድ፣ ከምድጃው አጠገብ የምትቀመጠው እናት ሲጋራ በአፏ ሳታስገባ ልቧን የሚጎዳ ጭስ ስትስብ ትውላለች። ማድ ቤቱን ከመኝታው መለየት፣ ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ መክፈት፣ ኩበቱን በደንብ አድርቆ ማንደድ ከማንኛውም «ደም የሚያጥብ» ቅጠል ይልቅ ይጠቅማል።

በምግብ በኩል ገብሳችን ትልቅ ሀብት ነው። በውስጡ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ አሰር በቀን 3 ግራም ያህል ሲወሰድ ኤልዲኤልን ይቀንሳል፤ ቂንጬ፣ ቆሎና በሶ ለዚህ ይሆናሉ። በሶውን በቅቤ ያራሰ ሰው ግን በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው መንሣቱ ነው። በጾም ወራትም ቅቤው ቢቀር ወጡ በሚረጋው የፓልም ዘይት ከተሠራ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው ስብ ስለማይቀር፣ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይምረጡ።

መድኃኒት ከታዘዘልዎት፣ ስታቲን የሚባሉት ኤልዲኤልንም ሲአርፒንም ስለሚቀንሱ «ቁጥሩ ወረደ» ብለው በራስዎ አያቋርጧቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ካንቶስ የተባለ ሰፊ ጥናት፣ ኮሌስትሮሉን ሳይነካ ብግነቱን ብቻ የሚያበርድ መድኃኒት ቀድሞ የልብ ጥቃት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ዳግም ጥቃትን፣ ስትሮክንና በልብ ሕመም መሞትን በ15 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሪህ መድኃኒት የሆነውን ኮልቺሲን በ0.5 ሚሊግራም መጠን ለዚሁ ፈቅዷል፤ ኩላሊቱ ለታመመ ሰው ግን አደገኛ ስለሆነ ያለ ሐኪም አይነካም።

ከዚህ ተነሥቶ «ብግነት የሚያበርድ ሁሉ ልብን ይጠብቃል» ብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝቶ ማዘውተር ትልቅ ስሕተት ነው። እነዚህ ማስታገሻዎች የልብ ጥቃትንና የስትሮክን ሥጋት የሚጨምሩ ስለሆኑ፣ ለጉልበት ወይም ለወገብ ሕመም ዘወትር የሚወስዷቸው ከሆነ ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ።