ከታምቡር ወደ ዲስክ፦ የባለ10 ኢንች ጎማዋን ሚኒ ፍሬን እንዴት መቀየር ይቻላል

ሚኒዬ፣ ያቺ ትንሿ የእንግሊዝ መኪና፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1972 ሥሪት ናት። የምትኖረውም እዚያው በርሚንግሃም፣ ከተሠራችበት ከሎንግብሪጅ ብዙም ሳትርቅ ነው። ስትሄድ ደስ ታሰኛለች፤ ችግሩ መቆሙ ላይ ነው። አራቱም ጎማ ላይ ያለው ታምቡር ፍሬን ነው፤ ከጎማው ጋር የሚዞር ከበሮ መሰል ብረት ውስጥ ሸራ ወደ ውጭ እየተገፋ የሚይዝበት ማለት ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደጋግሜ ስይዘው ሸራው ይግላል፣ ፍሬኑም እየሰነፈ ይሄዳል። ውሃ የተኛበት መንገድ ካለፈች ደግሞ አንዱ ጎማ ቀድሞ ይይዝና መሪውን ከእጄ ልትነጥቀኝ ትሞክራለች። ከፊቴ ያለው ዘመናዊ መኪና ባለበት ደርቆ ሲቆም እኔ ገና ጸሎት ላይ ነኝ።

ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የጎማዋ ትንሽነት ነው። አሌክ ኢሲጎኒስ በ1959 ለገበያ የቀረበችውን ይህችን መኪና ሲነድፍ፣ 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ አራት ሰው ከነሻንጣው ለማስቀመጥ ብሎ ጎማውን ወደ 10 ኢንች አወረደው። ለተሳፋሪው ጉልበት የተገኘው ቦታ ከፍሬኑ ላይ የተቆረሰ ነው። በቸርኬው ውስጥ ያለው ክፍተት 25 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ ዲስኩም (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ዲስኩን የሚነክሰው ካሊፐርም እዚያች ውስጥ ተጣበው መግባት አለባቸው።

መጀመሪያ ካርቶን ቁረጡ

እኔ መጀመሪያ የቆረጥኩት ገንዘብ ነበር። አንድ ሰው ከኋለኛ ዘመን ሚኒ ያወለቀውን ሙሉ የዲስክ ፍሬን በርካሽ ሲሸጥ አገኘሁና ሳልጠይቅ ሳልለካ ገዛሁት። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስገጥም ውዬ፣ በመጨረሻ ጎማውን ላስገባ ስል ቸርኬው ካሊፐሩ ላይ ቀጭ ብሎ ቀረ። የገዛሁት 8.4 ኢንች ዲስክ ነበር፤ በ1984 ሚኒዎች ሁሉ ወደ 12 ኢንች ጎማ ሲያልፉ አብሯቸው የመጣው ማለት ነው። ጥሩ ፍሬን ነው፤ ግን ትልቁን ጎማ ካልገዛችሁ ከመደርደሪያ አይወርድም።

በ10 ኢንች ጎማ ለመቆየት የቆረጠ ሰው ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ታምቡሩን ማደስ ነው። ከ1964 በፊት የተሠራች ሚኒ የፊት ጎማዋ ላይ አንዱ ሸራ ብቻ ነው በደንብ የሚሠራው፤ ሁለቱም ሸራዎች እኩል ወደሚነክሱበት ወደ ኋለኛው ዓይነት መቀየር ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ለምትወጣ መኪና ከዚህ በላይ ወጪ ማውጣት አስፈላጊ አይመስለኝም። ሁለተኛው ፈጣኑ የሚኒ ዓይነት የሆነው የኩፐር ኤስ ባለ7.5 ኢንች ዲስክ ነው። ከ1963 ጀምሮ የተገጠመና ሚኒ በ1964፣ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎ ራሊን ስታሸንፍ አብሯት የነበረ ነው። ሦስተኛው በአሁኑ ጊዜ የሚመረተው ባለ7.9 ኢንች ዲስክ ከአራት ፒስተን የአሉሚኒየም ካሊፐር ጋር ነው። ያማረ ነው፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። የመጀመሪያው ኩፐር በ1961 ይዞት የመጣውን ባለ7 ኢንች ዲስክ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ፤ ከደህና ታምቡር ብዙም አይሻልም።

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። እናንተም የፈለጋችሁትን ብትመርጡ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የካሊፐሩን ልክ ከሻጩ ተቀብላችሁ በወፍራም ካርቶን ቁረጡና በቸርኬያችሁ ውስጥ አዙሩት። ካርቶኑ የነካበት ቦታ ብረቱም ይነካል። በተለይ ተራው ጠባብ የብረት ቸርኬ ከኩፐር ኤስ ካሊፐር ጋር ይጣላል፤ ኩፐር ኤስ የራሱ ቸርኬ የነበረው በከንቱ አይደለም።

ስትገዙ ዲስኩንና ካሊፐሩን ብቻ ሳይሆን ሞዞውን (ጎማውን የሚሸከመውን መሃለኛ ብረት)፣ ኩሽኔታውን (ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገውን)፣ ሲቪ ጆይንቱን (ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን መጋጠሚያ) ጭምር ግዙ፤ የታምቡሩ ሲቪ ጆይንት ከዲስኩ ሞዞ ጋር አይሄድም። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ጋራዥ አጠገብ በመሆኑ የእነዚህን ዕቃዎች ስም የማውቀው በጣሊያንኛው ነው። እዚህ የመለዋወጫ ሱቅ ገብቼ «ኩሽኔታ» ስል ሻጩ የምግብ ዓይነት የጠየቅሁት መስሎት ነበር። ስለዚህ ወረቀት ላይ ሥዕል ይዤ መሄድ ለምጃለሁ።

መፍታት

በመሃል ያለውን ትልቁን የሞዞ ዳዶ ጎማው መሬት ላይ እያለ አላሉት። መቆለፊያ ሽቦውን አውጡ፣ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፣ 1 ከ5/16 ኢንች ቡሶላ (ዳዶውን የሚያቅፍ መፍቻ) ላይ ረጅም ቱቦ ሰክታችሁ ጫኑት። መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ይህን መሞከር ከክሪክ ላይ መገፍተር ነው። አሁንም መኪናዋ መሬት ላይ እያለች፣ ጎማውን ከሚይዘው ከላይኛው ክንድ ሥር ያለችውን ትንሽ የላስቲክ ትራስ ፈትታችሁ በቦታዋ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ጠንካራ እንጨት ሰኩ። የሚኒ ሳስፔንሽን (መኪናዋን ጎማዎቹ ላይ የሚሸከመው ክፍል) የሚሠራው በታመቀ ላስቲክ ስለሆነ፣ እንጨቷ ክንዱን ካልያዘችው በኋላ መጋጠሚያውን ለማላቀቅም ለመመለስም ትታገላላችሁ።

ከዚያ በክሪክ አንሡና በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መቆሚያ አይደለም።

ታምቡሩ ሲወጣ ውስጡ ያለውን ጥቁር ብናኝ በአፍም በአየርም አትንፉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ውሃ ርጩበትና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉ። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍታችሁ በአፉ ላይ ስስ ላስቲክ አድርጋችሁ መልሳችሁ ብትዘጉት፣ ቱቦው ሲፈታ የሚንጠባጠበው በጣም ይቀንሳል።

የመሪውን ጫፍና ከላይና ከታች ያሉትን ኳስ መጋጠሚያዎች ለማላቀቅ በብሎን የሚገፋ መፈልቀቂያ ተዋሱ ወይም ግዙ። ሹካ መሰሉን በመዶሻ የሚነዳውን አልወደውም፤ የአቧራ መከላከያውን ጎማ ሳይቀድ የወጣበትን ቀን አላስታውስም። ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አታውጡ፣ ጥቂት ጥርስ ይቅር፤ መጋጠሚያው ሲለቅ በድንገት ነው የሚዘለው። ከዚያ ሞዞው ከነዝባዝንኬው ይወጣል። ሲቪ ጆይንቱን ከዘንጉ ላይ ለማውጣት በላስቲክ መዶሻ አንድ ጊዜ ደህና አድርጎ መምታት ይበቃል፤ ደጋግሞ መኮርኮም ግን ውስጡ ያለውን ቀለበት ያጣምመዋል።

ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

ካሊፐርና ዲስክ መግጠም ሕፃን የሚሠራው ነው። ሥራው ያለው ሞዞው ላይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱ ኳስ መጋጠሚያዎች ላይ። መኪናዋ የምትዞረው በእነሱ ላይ ነው።

አንዱ መጋጠሚያ ሲፈታ የሚወጡት ኳስ ያለው ችንካር፣ የኳሱ መቀመጫ፣ መቆለፊያ ላሜራ፣ ወረቀት የሚያህሉ ስስ ሮንዴላዎች (የብረት ቀለበቶች) እና ሁሉንም የሚከድን ጉልላት መሰል ትልቅ ዳዶ ናቸው፤ የታችኛው ስፕሪንግም ሊኖረው ይችላል። ዋናው ጉዳይ ስሶቹ ሮንዴላዎች ስንት ይሁኑ የሚለው ነው። በዙ ማለት ዳዶው ወደ ውጭ ይርቃል፣ ኳሱ ይላላል። አነሱ ማለት ዳዶው ኳሱን ይጨቁነዋል።

መጀመሪያ ሞዞውን ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ ያለ የብረት ማሰሪያ) ላይ እሰሩት። ኳሱንና መቀመጫውን ያለ ስፕሪንግ፣ ያለ መቆለፊያ፣ ያለ ሮንዴላ አስገቡና ትልቁን ዳዶ በቀስታ አጥብቁ። ችንካሩን በእጃችሁ ላይ ታች እያደረጋችሁ ቆዩ፤ መንቀጥቀጡ የጠፋባትና ኳሱ ግን ገና በእጅ የሚዞርባት አንዲት ነጥብ አለች። እዚያ ላይ ቁሙ። አሁን በዳዶው ከንፈርና በሞዞው መካከል ያለውን ክፍተት በስስ የብረት ምላሶች መለኪያ ለኩ። ለምሳሌ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ መቆለፊያ ላሜራው በግምት 0.9 ሚሊ ሜትር ይወስዳል፣ የቀረውን 0.6 በሮንዴላ ትሞላላችሁ። ፈትታችሁ ግራሶ ቀቡና ሁሉንም መልሳችሁ መለኪያ ባለው መፍቻ ወደ 100 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ከዚያ ፈትኑ። ችንካሩ ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀጠቀጠ አንድ ሮንዴላ ይውጣ፤ በእጅ አልንቀሳቀስ ካለ አንድ ይጨመር። እኔ ለአራቱ መጋጠሚያዎች ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

በመጀመሪያ ሙከራዬ ግን ግማሽ ሰዓትም አልፈጀብኝም፤ ስሕተቱም እሱ ነው። «ጠበቅ ያለ ይሻላል» ብዬ ስሶቹን ሮንዴላዎች አውጥቼ ጣልኩ። አደባባይ ገብቼ ዞርኩና ልወጣ ስል መሪውን ለቀቅ አደረግሁት። ወትሮ በራሱ የሚመለሰው መሪ በዞረበት ደርቆ ቀረ። አፍንጫዋ ወደ ደሴቱ ድንጋይ ስትሄድ በሁለት እጄ ጎትቼ ነው የመለስኳት። ከዚያ ወዲህ መጋጠሚያውን በጣቴ ሳላንቀሳቅስ መኪና ላይ አልሰቅልም።

ቀጥሎ ኩሽኔታ። የኩፐር ኤስ ኩሽኔታ ሾጣጣ በርሜሎች ያሉት ነው፤ በአንድ እሽግ የመጡትን ከሌላ ጋር አትቀላቅሉ፣ በመካከላቸው የሚገባውን ቀለበትም ከአሮጌው አትዋሱ። ግራሶውን በመዳፋችሁ እየጫናችሁ በርሜሎቹ መካከል እስኪወጣ ድረስ ሙሉት።

ዲስኩ ከታሰረ በኋላ ሲቪ ጆይንቱ ወደ ሞዞው የሚሳበው በዳዶው ነው። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለ፤ ከዳዶው ሥር የምትገባው የተሰነጠቀች ሾጣጣ ቀለበት መጀመሪያ አትግባ። በእርሷ ፋንታ ወፍራም ተራ ሮንዴላ አድርጋችሁ ሲቪ ጆይንቱ መቀመጫው እስኪደርስ ሳቡ፤ ከዚያ ፈትታችሁ ሾጣጣዋን አስገቡና የመጨረሻውን አጥብቁ። ሾጣጣዋ ቀድማ ከገባች ዘንጉን ትጨምድና ዳዶው የጠበቀ ያስመስላል። ልኩ፣ ሲቪ ጆይንቱ ለመቆለፊያ ሽቦ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው ወደ 200 ኒውተን ሜትር፣ ከአንድ በላይ ካለው 255 ነው። ይህን «እጄ ያውቀዋል» በሚል የሚያጠብቅ ሰው እጁን ቢጠራጠር ይሻለዋል፤ መለኪያ ያለው መፍቻ በኪራይ ይገኛል። ሽቦው ቀዳዳውን ካጣ ዳዶውን ወደ ፊት ጨምሩ፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ቱቦና ዘይት

የድሮ ሚኒ የቱቦ ጥርሶች በኢንች ናቸው፣ የኋለኞቹ ብዙዎቹ በሚሊ ሜትር። 3/8 ኢንች ጥርስ በ10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ በጣት ሲያስገቡት የገጠመ ይመስላል፤ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ግን ይለቃል። የእኔ መኪና የፍሬን መስመሯ አንድ ብቻ ስለሆነ አንድ ቱቦ ከለቀቀ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። ገንዘብ ያለው ሰው በዚሁ አጋጣሚ ባለሁለት መስመር ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ቢያስገባ እደግፋለሁ፤ እኔ ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፌዋለሁ።

ካሊፐሮቹን ስትሰቅሉ አየር ማስወጫዋ ብሎን ወደ ላይ ትመልከት። ወደ ታች ካየች የግራና የቀኙን አቀያይራችኋል፤ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ሲስቅባችሁ ይውላል።

አየር የማስወጣቱን ሥራ ከልጄ ጋር ሠራነው። ከማስተሩ ከራቀው ከግራው የኋላ ጎማ ጀመርን። እሱ መሪው ጋ፣ እኔ መሬት ላይ። «እርገጥ!» ስለው ይረግጣል፣ ብሎኗን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ «ልቀቅ!» እለዋለሁ። አንዴ እኔ ሳልዘጋ ቀድሞ ለቀቀና የወጣው አየር ሁሉ ተመልሶ ገባ። «አባዬ፣ ልቀቅ ያልከኝ መሰለኝ እኮ!» ከዚያ በኋላ እሱም «ለቀቅሁ» ብሎ እንዲመልስልኝ ተስማማን። ዘይቱ ዶት 4 የሚባለው ዓይነት፣ ጠርሙሱም አዲስ የተከፈተ ይሁን፤ የቆየ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውሃ እጠቡት፣ ቀለሙን ይልጠዋል።

የኋላውን ታምቡር አታጠንክሩት። ሚኒ ክብደቷ ከፊት ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ኋላዋ ይቀላል፤ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ከተቆለፈ መኪናዋ ጅራቷን ታስቀድማለች። ሸራውን ማስተካከልና የዘይት ፍሳሽ መኖር አለመኖሩን ማየት ይበቃል።

መጀመሪያ የምትነዱ ዕለት ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆንባችኋል። ታምቡር ሲዞር ሸራውን እየሳበ ራሱን ያግዛል፤ ዲስክ ግን የእግራችሁን ኃይል ብቻ ነው የሚያውቀው። ባለቤቴ ነድታ ስትመለስ «አንተ፣ ይሄ ነገር ተሠራ ወይስ ተበላሸ?» አለችኝ። ኩፐር ኤስ የፍሬን ማገዣ ይዞ የወጣው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ የሚነዳ ሰው ካለ ማገዣውን ጨምሩ፤ እኔ እግሬ ስለለመደው ትቼዋለሁ፣ ባለቤቴም ሚኒዋን ትታልኛለች።

አዲስ ሸራ ወዲያው በኃይል አይያዝም። ባዶ መንገድ ላይ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ከመካከለኛ ፍጥነት በፍሬን ቀስ እያደረጋችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ በየመካከሉ እየነዳችሁ ይቀዝቅዝ፤ በጋለበት እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ አትቁሙ። ወደ 100 ማይል ከሄዳችሁ በኋላ የጎማ ብሎኖቹን፣ የዘይቱን ከፍታና የኳስ መጋጠሚያዎቹን ደግማችሁ እዩ።

ብሪታንያ ላላችሁ፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆናት መኪና ብዙ ጊዜ ዓመታዊ ምርመራ ባይጠየቅባትም፣ ፍሬን መቀየራችሁን ለኢንሹራንስ መናገር አለባችሁ። እኔ ስደውል ያነሣችው ልጅ ስንት ኢንች ዲስክ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባለ8.4ቱ እስከ ዛሬ መደርደሪያው ሥር ተቀምጧል፤ ባለ12 ኢንች ጎማ ሚኒ ያለው ሰው ቢመጣ በገዛሁበት እሰጠዋለሁ።