ተዳፋት ላይ ያለ ሳጥን፦ ሳይን ወይስ ኮሳይን?

ፍሪክሽን (ሰበቃ) የሌለው ተዳፋት ጥያቄ ላይ ብዙ ተማሪ የሚጠላለፈው ገና ስዕሉን ሲሠራ ነው። ኤክስና ዋይን እንደለመደው አግድምና ሽቅብ ያሰምራል። ተዉት። ኤክስን ከተዳፋቱ ጋር አጋድሙት፣ ዋይ ለተዳፋቱ ቀጤ ነክ ይሁን። ሳጥኑ የሚንሸራተተው በኤክስ ብቻ ስለሆነ በዋይ በኩል አክስለሬሽኑ ዜሮ ነው። በኤክስና በዋይ መከፋፈል ያለበትም ክብደቱ ብቻ ይሆናል።

ሳይኑ የቱ ጋ፣ ኮሳይኑ የቱ ጋ? አትሸምድዱ። የተዳፋቱን አንግል በሐሳባችሁ ዜሮ አድርጉት። ወለሉ ጠፍጣፋ ሆነ ማለት ነው፤ ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ቁልቁል የሚጎትተው ኃይል ዜሮ መሆን አለበት። የዜሮ ሳይን ዜሮ ነው፣ ኮሳይኑ ግን 1። በቃ፣ ቁልቁል ያለው ሳይን፣ ኖርማል ፎርሱ (ተዳፋቱ ሳጥኑን በዋይ በኩል የሚገፋበት ኃይል) ኮሳይን። (አንግሉ ከአግድሙ ሳይሆን ከቋሚው ከተለካ ይገለበጣል፤ አንዳንድ ፈታኝ ይህችን ይወዳታል።)

5 ኪሎ ሳጥን፣ 30 ዲግሪ ተዳፋት፣ ግራቪቲው 10 ይሁን። ክብደቱ 50 ኒውተን ነው። ቁልቁል 25 ኒውተን፣ ኖርማል ፎርሱ 43.3 ገደማ። አክስለሬሽኑ 25 ለ5 ሲካፈል፣ 5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር። ሳጥኑን 50 ኪሎ ብታደርጉትም ያው 5 ነው፣ ማሱ ይሰረዛል። ስለዚህ አክስለሬሽን ተጠይቃችሁ ማስ ካልተሰጠ አትደንግጡ።

ደግሞ ስዕሉ ላይ ክብደቱን ከሳላችሁ በኋላ «ቁልቁል የሚጎትት ኃይል» ብላችሁ ሌላ ቀስት አትጨምሩ። እሱ ክብደቱ ውስጥ አለ፤ ሁለቴ ትቆጥሩታላችሁ።