ሩሲያኛና አየርላንድኛ ከደሴ ሆኖ ለመጀመር፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ደሴ ውስጥ ሩሲያኛ ልማር የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለነፃ የትምህርት ዕድል ያመለከተ ወጣት ነው። አየርላንድኛ ፈላጊው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱ ግን አንጀት ይበላል። እህቱ ደብሊን ትኖራለች፤ ልጆቿ እዚያ ትምህርት ቤት አየርላንድኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራሉ፤ አጎታቸው ደግሞ በስልክ የሚያስቃቸው አንድ ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋል። ሁለቱም ፒያሳ ካለ ኮምፒውተር ቤት ገብተው የሚያሰሙት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ «ለጀማሪ የሚሆን ነገር አጣሁ» ይላሉ። ጠፍቶ አይመስለኝም። ሞልቶ ተርፏል፤ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ለሆነ ሰው ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምልክት፦ አየርላንድኛ ስፈልግ ሌላ ነገር ይመጣብኛል

በእንግሊዝኛ «አይሪሽ» ብላችሁ ብትጽፉ የሚወጣው በአየርላንዶች ለዛ የሚነገር እንግሊዝኛ፣ ጭፈራና ሙዚቃ ነው። «ጌሊክ» ካላችሁ ደግሞ የስኮትላንዱ ዘመድ ቋንቋ ይቀላቀልባችኋል። ቋንቋውን በራሱ ስም ፈልጉት፤ በላቲን ፊደል ጂ፣ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ጂ፣ ኢ ተብሎ ይጻፋል። ያወረዳችሁት ጽሑፍ የየትኛው እንደሆነ ካጠራጠራችሁ አናባቢዎቹ ላይ ያለውን ጭረት ተመልከቱ። የላይኛው ጫፍ ወደ ቀኝ ካዘነበለ አየርላንድኛ ነው፤ ወደ ግራ ካዘነበለ የስኮትላንዱ ነው።

ምልክት፦ በነፃ ያወረድኩት መጽሐፍ ከመተግበሪያው ጋር አይገጥምም

በነፃ የሚገኙ መጻሕፍት ብዙዎቹ ነፃ የሆኑት ስላረጁ ነው። የድሮ የአየርላንድኛ መጽሐፍ በራሱ የቆየ የፊደል ቅርጽ የታተመ ነው፤ ዛሬ ከተነባቢው ቀጥሎ የሚጻፈው ኤች በዚያ አጻጻፍ በፊደሉ አናት ላይ የምትቀመጥ ነጥብ ነበረች። ቃላቱም ከዛሬው ይልቅ ረጃጅም ናቸው። ይፋዊው መደበኛ የአጻጻፍና የሰዋስው መመሪያ በ1958 ስለወጣ ጀማሪ ከዚያ በፊት የታተመውን ባይነካ ይሻለዋል።

በሩሲያኛ በኩል መስመሩ 1918 ነው፤ የዚያን ጊዜው ማሻሻያ አንዳንድ ፊደላትን ከነጭራሹ አስወጥቷል። የሶቪየት ዘመን መማሪያ ግን ፊደሉም ሰዋስውም ዛሬ የሚሠራ ስለሆነ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ካገኛችሁ ሳትከራከሩ ግዙ። ንግግሩ ስለ ትራክተርና ስለ ፋብሪካ ይበዛል እንጂ ሌላ እንከን የለውም። አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ መማሪያ አገላብጬ አይቻለሁ፤ የቀድሞ ባለቤቱ ከየቃሉ በላይ ንባቡን በእርሳስ በእኛ ፊደል ጽፎበታል፤ ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ እርሳሱ ይቆማል። ፊደሉን ለምዶ ይሁን ትምህርቱን ትቶ፣ እሱ ያውቃል።

መዝገበ ቃላትም በአማርኛ አለ፤ ጋንኪንና ከበደ ደስታ ያዘጋጁት የሩሲያኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ሞስኮ ላይ በ1965 ታትሟል፤ ከአማርኛ ወደ ሩሲያኛ የሚመልሰው የጋንኪን ሥራ ደግሞ በ1969 ወጥቷል። ስለ ስማርት ስልክ ምንም አይነግራችሁም፤ ስለ ቤት፣ ስለ መንገድና ስለ ምግብ ግን በእንግሊዝኛ በኩል ከመዞር ያድናችኋል።

ምልክት፦ ፊደሉን ቆጥሬ ጨረስኩ፤ ስናገር ግን አይገባቸውም

33ቱን የሩሲያኛ ፊደላት ጎበዝ ተማሪ ቶሎ ይይዛቸዋል። የሚያሳስቱት ላቲን የሚመስሉት ናቸው፦ እንደ ፒ የሚታየው ር፣ እንደ ኤች የሚታየው ን፣ እንደ ቢ የሚታየው ቭ ተብሎ ይነበባል። የከፋው ችግር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየቃሉ ውስጥ ጎላ ተደርጎ የሚነገር አንድ ክፍል አለ፤ ተራ ጽሑፍ ግን የትኛው እንደሆነ አያሳይም፤ እኛ «አለ» ብለን ጽፈን መጥበቅ መላላቱን ለአንባቢው እንደምንተወው ማለት ነው። ጉላቱ ያላረፈበት አናባቢም ይለወጣል። የሞስኮ ስም ሲጻፍ በኦ ነው፤ ሲነገር ግን ጉላቱ መጨረሻው ላይ ስለሆነ «ማስክቫ» ይሆናል።

መፍትሄው ሲገዙ መጠንቀቅ ነው። ለጀማሪ በደንብ የተዘጋጀ መጽሐፍ ጉላቱን በአናባቢው ላይ በጭረት ያመለክታል። አንድ ገጽ ገልጣችሁ ጭረት ካላያችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት። ድምፅ አብሮት ከሌለም አትግዙ፤ በዚህ ድርድር የለም።

ምልክት፦ መጽሐፉ ቀላሉን ያከብደዋል፤ የሚከብደኝን ይዘለዋል

እዚህ ላይ ነው የወሎ ሰው የራሱን ሀብት ሳያውቅ የሚቀመጠው። መጽሐፉ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለተጻፈ አንባቢው ሽ እና ዥን እንጂ ሌላ እንግዳ ድምፅ የማያውቅ አድርጎ ይነሳል። እንግሊዞችን የሚያስጨንቀው አንድ የሩሲያኛ አናባቢ አለ፤ ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ይሰጡታል። የእኛ ሳድስ ለእርሱ በጣም የቀረበ ስለሆነ ገጹን ገልብጣችሁ እለፉ። በልጅነቱ ቁርአን የቀራ ሰውማ የበለጠ ዕድለኛ ነው። ከጉሮሮ የሚወጣው የሩሲያኛው ኸ አረብኛው ላይ ያለው ነው ቢባል ይቀላል። አየርላንድኛ ውስጥም ሲና ኤች፣ ጂና ኤች፣ ዲና ኤች ተያይዘው ከኤ፣ ከኦ ወይም ከዩ በፊት ሲመጡ የሚሰሙት ድምፆች ያው የአረብኛው ኸ እና ገይን ናቸው።

ሰዋስውም እንዲሁ። ሩሲያኛም አየርላንድኛም «መጽሐፍ አለኝ» ለማለት «መጽሐፍ እኔ ዘንድ አለ» ይላሉ። እንግሊዝኛው መጽሐፍ ይህን ለማስረዳት ምዕራፍ ይፈጃል፤ እኛ በ«አለ» ስለምንገልጸው መንገዱ ተጠርጎልናል። አየርላንድኛ «አዎ» እና «አይደለም» የሚሉ ቃላት የሉትም፤ «መጣህ?» ሲባል «መጣሁ» ብሎ ግሱን መመለስ ነው፤ ይህን ደግሞ ማን ያስተምረናል? ግሱ በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ መምጣቱ ሊያደናግር ይችላል፤ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ግን በግዕዝ ለምዶታል።

የሚከብደን ሌላ ቦታ ነው። አማርኛ ተነባቢን ያጠብቃል እንጂ አናባቢን በማስረዘም ትርጉም አይለይም፤ በአየርላንድኛ ግን ያቺ ጭረት አናባቢውን ታስረዝማለች፣ ትርጉምም ትለውጣለች። በቁርአን ንባብ መድን፣ ማለትም የአናባቢን መርዘም፣ ለይቶ የቀራ ሰው ይሰማታል፤ ሌላው በጆሮ መለማመድ አለበት። የሩሲያኛ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚሠራው ሥራ ስድስት ሙያ ስላለው መጨረሻው ይቀያየራል። ሁሉንም በአንድ ሰንጠረዥ ለመሸምደድ አትነሱ። በተሳቢው ጀምሩ፤ የእኛ «መጽሐፉን» ላይ ያለው ን የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው።

ምልክት፦ አንዱን የአየርላንድኛ ቃል ሦስት ዓይነት ሰማሁት

ስህተት የለበትም። የመንስተር፣ የኮናክትና የአልስተር የሚባሉ ሦስት ዋና ዋና ዘዬዎች አሉ። ቴንግላን የተባለው ነፃ የመዝገበ ቃላት ድረ ገጽ ብዙ ቃላትን በሦስቱም ድምፅ ያሰማል። አንዱን መርጣችሁ ቢያንስ እስክትደላደሉ ድረስ ከእሱ አትውጡ። ጆሮ ለማላመድ ከ1972 ጀምሮ በቋንቋው የሚያሰራጨው ራዲዮ ና ጌልታክታ በኢንተርኔት ይሰማል፤ መጀመሪያ ላይ ምንም ባይገባችሁ አይክፋችሁ።

ምልክት፦ መተግበሪያው ላይ ደረጃዬ ከፍ ይላል፤ አፌ ግን አይፈታም

ዱኦሊንጎ ሁለቱንም ያስተምራል፤ በአማርኛ በኩል ግን አይደለም። ለቃላት ልምምድ ይበቃል፤ ለሰዋስው አይበቃም። ኢንተርኔቱ ወይም መብራቱ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ድምፁን አውርዳችሁ ስልክ ላይ አስቀምጡ። ደሴ ውለው ኮምቦልቻ የሚገቡ ሰዎች በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ አንድ ትምህርት ሰምተው ይጨርሳሉ።

ምልክት፦ ለዕድሉ ምን ያህል ሩሲያኛ እንደሚበቃ አላውቅም

ሳያውቁ የሚሄዱ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት በመሰናዶ ትምህርት ክፍል ቋንቋውን ይማራሉ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉን ለማወቅ አትጨነቁ። ለውጭ አገር ሰዎች በሚሰጠው የሩሲያኛ ቋንቋ ፈተና የመጀመሪያው እርከን 780 ቃላት፣ ቀጣዩ 1300፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት መነሻ የሚሆነው ደግሞ 2300 ቃላት ይጠይቃል። የየእርከኑ የቃላት ዝርዝር ታትሞ ስለሚገኝ የመጀመሪያውን አስወርዱና ከእሱ አትውጡ። ሞስኮ ያለው የፑሽኪን የሩሲያ ቋንቋ ኢንስቲትዩትም በነፃ የሚማሩበት ድረ ገጽ አለው።

ምልክት፦ የሚያርመኝ ሰው የለም

ለሩሲያኛ አለ። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን በየከተማው ስለሚገኙ በሰው በሰው ጠይቁ። ስታገኟቸው «ጋሼ፣ ሩሲያኛ ያስተምሩኝ» አትበሉ፤ ብዙዎቹ ረስቼዋለሁ ይላሉ። አንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱና ስታነቡ እንዲሰሙላችሁ ለምኑ። ስህተት ሲሰሙ ቋንቋው ራሱ ይመጣላቸዋል። አዲስ አበባ መመላለስ የሚችል ሰው በፑሽኪን ስም የሚታወቀውን የሩሲያ የባህል ማዕከል ይጠይቅ።

ለአየርላንድኛ ደሴ ውስጥ መምህር ፍለጋ ባትደክሙ ይሻላል። አራሚዎቻችሁ ደብሊን ያሉት የእህታችሁ ልጆች ናቸው። የንባብ የቤት ሥራቸውን ጮክ ብለው አንብበው በድምፅ መልእክት እንዲልኩላችሁ፣ የገጹንም ፎቶ እንዲያያይዙ ጠይቋቸው፤ እናንተም ያንኑ አንብባችሁ መልሱላቸው። አጎትን ማረም ለልጅ ትልቅ ደስታ ስለሆነ ሥራው አይሰለቻቸውም።