ተንጠልጣይ መብራት ከፍታው አልስተካከል ሲል፦ ችግርና መፍትሔ

ከኮርኒስ በገመድ፣ በሰንሰለት ወይም በብረት ዘንግ የሚንጠለጠል መብራት ከፍታው ካልተስማማ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሣው መቁረጫውን ነው፤ የተቆረጠ ገመድ ግን ተመልሶ ስለማይረዝም መቁረጥ የመጨረሻው እርምጃ መሆን አለበት። ሽቦዎቹን ኮርኒሱ ላይ የሚሸፍነው ክዳን ከመፈታቱ በፊት ኤሌክትሪኩ የሚጠፋው ከብሬከሩ እንጂ ከግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ አይደለም፤ ማብሪያ ማጥፊያው አብዛኛውን ጊዜ የሚያቋርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ስለሆነ፣ በስሕተት ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ላይ ተገጥሞ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ኮርኒሱ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። ኤሌክትሪኩ መጥፋቱ የሚረጋገጥበት ቴስተርም ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ አስቀድሞ ሊሞከር ይገባል።

ችግር፦ መብራቱ ዓይን ይወጋል ወይም ፊት ለፊት የተቀመጠን ሰው ይከልላል።

መንስኤው በአብዛኛው ልኬቱ ከኮርኒሱ ወደ ታች መወሰዱ ነው። የኮርኒስ ከፍታ ከቤት ቤት ስለሚለያይ መለካት ያለበት ከጠረጴዛው ገጽ ወደ ላይ ሲሆን፣ ከገጹ እስከ መብራቱ የታችኛው ጠርዝ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው በሥሩ በሚያልፍበት ቦታ ደግሞ ከወለሉ ቢያንስ 210 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ይኖርበታል። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እያየ ሌላው መብራቱን ደግፎ ከፍ ዝቅ ቢያደርግለት ትክክለኛው ቦታ ይታወቃል። አምፖሉ ጥርት ባለ ብርጭቆ የተሠራና ከሽፋኑ በታች ወጥቶ የሚታይ ከሆነ ግን ጥፋቱ የከፍታ ስላልሆነ፣ ደብዛዛ ብርጭቆ ባለው አምፖል መቀየር ገመድ ከመነካካት ይቀላል።

ችግር፦ ከፍ የተደረገው መብራት ቀስ በቀስ ተመልሶ ይወርዳል፣ ወይም ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል።

ሁለቱ ምልክቶች ብዙ ጊዜ ከአንድ ምንጭ ይመጣሉ። የመብራቱን ክብደት መሸከም ያለበት በክዳኑ አፍ ላይ ገመዱን ጨብጦ የሚይዘው ማጥበቂያ ነው፤ ማጥበቂያው ሲላላ ገመዱ ይንሸራተትና ክብደቱ ውስጥ ባሉት የሽቦ ማያያዣዎች ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ሽቦው ይላላል፣ የላላው ሽቦም ይግላል። መፍትሔው መብራቱን በአንድ እጅ ደግፎ የማጥበቂያውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ማላላት፣ ገመዱን ወደ ላይ መግፋት፣ ከዚያም ሲጎተት እስከማይንቀሳቀስ ድረስ፣ ነገር ግን የገመዱን ልባስ እስከሚጨፈልቅ ሳይደርሱ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው። ማጥበቂያው ለገመዱ ውፍረት ካልተስማማ በልኩ መቀየር እንጂ ገመዱን በናስትሮ ማወፈር አይገባም፤ የናስትሮው ሙጫ በሙቀት ይለሰልስና ገመዱ እንደገና ይንሸራተታል። ብልጭ ድርግም ይል የነበረ መብራት ከሆነ እያንዳንዱ ሽቦ ከማያያዣው በቀስታ ተስቦ ይፈተሽ፤ የጠቆረ ጫፍ ከተገኘም እስከ ንጹሑ ሽቦ ድረስ ይቆረጥ፤ የቀለጠ ማያያዣ ደግሞ ይቀየር።

ችግር፦ ክዳኑ ከኮርኒሱ ጋር አልገጥም ይላል።

ትርፉ ገመድ ውስጥ ተጠቅጥቋል ማለት ነው። ቦታው ከፈቀደ በሰፊው ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ካልፈቀደ አሁን መቁረጥ ይቻላል፤ ለማያያዣ ግን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተው። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት ሽቦ ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ተደርጎ ይቆረጥ፤ ምናልባት ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ ላይ የሚነቀለው እርሱ እንዲሆን ነው።

ችግር፦ ገመዱ አጭር ነው።

በአየር ላይ መቀጠል አይፈቀድም። ውፍረቱ ከነባሩ በማያንስ፣ ወጥ በሆነ ረጅም ገመድ ሙሉ በሙሉ ይተካ። ባለ ሰንሰለት ከሆነ አንዱን ቀለበት በሁለት ፒንሳ ወደ ጎን ጠምዝዞ በመክፈት ሌላ መጨመር ይቻላል፤ በውስጡ የሚያልፈው ሽቦ ከሰንሰለቱ አጥሮ እንዳይወጠር ግን አስቀድሞ መታየት አለበት።