«አድማችንን ሰበራችሁ»፦ የባቡር ማኅበራትን የቆየ ጠብ እንዴት ማጣራት ይቻላል?

ሁለት የባቡር ሠራተኛ ማኅበራት ስለ አንድ ያለፈ አድማ ሲወነጃጀሉ መጀመሪያ ክሱን ይበትኑት። «አድማ ሰባሪ» የሚለው ስድብ አራት ድርጊቶችን ባንድ ያፍናል፦ አብሮ አለመውጣት፣ አድማ የመታውን ሰው ቦታ መያዝ፣ አድማ የተመታበትን ኩባንያ ፉርጎ መጎተት፣ ሌላውን ጥሎ ለብቻ መታረቅ። ከሳሹ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሳይለዩ ማስረጃ መቆፈር ድካም ብቻ ነው።

ቀጥሎ ከዚህኛው በፊት የነበረውን አድማ ይፈልጉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1888 በአሜሪካ የቺካጎ፣ በርሊንግተንና ኩዊንሲ ባቡር ነጂዎችና እሳት አንዳጆች አድማ መቱ። ከተተኪዎቻቸው መካከል ከፔንሲልቬንያው ሬዲንግ ባቡር የመጡ፣ የናይትስ ኦፍ ሌበር (የልዩ ልዩ ሙያ ሠራተኞችን ባንድ ያቀፈ ማኅበር) አባል የሆኑ ነጂዎች ነበሩበት። እዚህ ላይ ካቆሙ ጥፋቱ የናይትስ ነው። ጥቂት ወራት ወደ ኋላ ሲሄዱ ግን ሬዲንግ ላይ አድማ የመቱት ናይትስ ሲሆኑ፣ ቦታቸውን ከያዙት መካከል በኋላ በርሊንግተን ላይ አድማ የመታው የነጂዎቹ ማኅበር አባላት ይገኛሉ። አሁንም ወደ 1877 ቢወርዱ የነጂዎቹ ማኅበር ራሱ እዚያው ሬዲንግ ላይ ተሸንፏል። ቂሙ የመጣው ከዚያ ነው።

ማኅበሩ አዘዘ ወይስ አባላቱ በራሳቸው ሄዱ? ለመጀመሪያው ቃለ ጉባኤና የሰርኩላር ደብዳቤ፣ ለሁለተኛው የደመወዝ መዝገብና የቅጥር ቀን ያስፈልጋል። አንዱ ለሌላው ማስረጃ አይሆንም። የማኅበር መጽሔት ደግሞ ለውሳኔዎች ቃልና ቀን እንጂ ለቁጥር አይታመንም፤ የእሳት አንዳጆቹን መጽሔት በዚያ አድማ ወቅት ያዘጋጅ የነበረው የዚያው ማኅበር ዋና ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ዩጂን ዴብስ ነው።

ለእያንዳንዱ ሙያ ለየብቻ የወጣበትንና የተመለሰበትን ቀን ይጻፉ። በርሊንግተን ላይ ሐዲድ ቀያሪዎቹ (ፉርጎዎችን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዛውሩት) የወጡት ዘግይተው፣ በማርች ነው። አድማው በይፋ የቆመው በጃንዋሪ 1889 ቢሆንም ባቡሮቹ ከዚያ ብዙ ቀደም ብለው ይሄዱ ነበር። በመሐል የተቀጠረ ሰው ላይ ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉት ለዚህ ነው።

በብሪታንያው የ1955 አድማ (ከሜይ 28 እስከ ጁን 14) ደግሞ የነጂዎቹ ማኅበር አስሌፍ ሲወጣ ብሔራዊው የባቡር ሠራተኞች ማኅበር አልወጣም። ይኼኛውም ነጂዎች ስለነበሩት «ነጂው ሁሉ» የሚል ቃል ካዩ ይጠራጠሩ።

ክሱ ፉርጎ መጎተት ከሆነ ጎትቱ የሚል የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካለ ቀኑን ይፈልጉ። በ1888 የነጂዎቹ አለቃ ፒ. ኤም. አርተር የበርሊንግተንን ፉርጎ ያለመንካቱን ውሳኔ ያነሳው ፍርድ ቤቶች ጣልቃ ከገቡ በኋላ ነው። ከትዕዛዙ በፊት የጎተተና በኋላ የጎተተ ባንድ ዓይን አይታዩም።