የአንድ ምርጫ ክልል ታሪክ እንዴት ይጠናል? የዌልሷን ደሴት ኢኒስ ሞንን ይዘን ደረጃ በደረጃ

የምርጫ ውጤት ሰንጠረዥ ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነው። ስም፣ ፓርቲ፣ ቁጥር። ከዚያ ደግሞ ስም፣ ፓርቲ፣ ቁጥር። አንድ ቦታ መርጣችሁ፣ ደብተር ይዛችሁ፣ ረጋ ብላችሁ ከተቀመጣችሁበት ግን ከቁጥሩ ውስጥ ሰው ይወጣል። ያሸነፈ፣ የተሸነፈ፣ ሁለቴ ወድቆ በሦስተኛው የተነሳ ሰው።

ለዚህ ሥራ ከማውቃቸው ቦታዎች ሁሉ የምመርጣት አንዲት ደሴት ናት። በሰሜን ምዕራብ ዌልስ ያለችው ኢኒስ ሞን። እንግሊዞች አንግልሲ ይሏታል። ወደ ለንደን ፓርላማ የምትልከው አንድ ሰው ብቻ ነው። ታሪኳ ግን ለአንድ ወንበር የማይመጥን ብዙ ነገር አለው። ሌላ የምርጫ ክልል ለማጥናት ብታስቡም መንገዱ ያው ነው፤ እዚህ ተለማመዱና ወደፈለጋችሁት ውሰዱት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ መሬቱን እወቁ

የምርጫ ክልል ስሙ እንዳለ ወሰኑ ሊቀየር ይችላል። ወሰኑ እንዳለ ደግሞ ስሙ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ የ1970ዎቹን ውጤት ከ2010ሮቹ ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት መሬቱ ያው መሬት መሆኑን አጣሩ። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኢኒስ ሞን ለጀማሪ የምትመቸውም በዚህ ነው፤ ወሰኗ ባሕር ነው። እስከ 1885 ድረስ በደሴቷ ላይ የቦማሪስና የሌሎች ከተሞች የተለየ መቀመጫ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ደሴት፣ አንድ ወንበር። በ1983 ስሟ ከአንግልሲ ወደ ዌልስኛው ኢኒስ ሞን ተቀየረ፤ መሬቱ ግን አልተነካም።

ለ2024 ምርጫ የዌልስ መቀመጫዎች ከ40 ወደ 32 ሲወርዱ ብዙ ክልሎች ተቆራርጠው ተሰፍተዋል። ሕጉ አንድ ክልል ከ69,724 እስከ 77,062 መራጮች እንዲኖሩት ያዝዛል። ኢኒስ ሞን ያላት 52 ሺህ ገደማ ነው። ያም ሆኖ ደሴት በመሆኗ በ2020 የወጣው ሕግ ለብቻዋ እንድትቆም ፈቀደላት። እንዲህ ያለ ከለላ በመላው ብሪታንያ ያላቸው አምስት መቀመጫዎች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም የደሴት ናቸው።

ደረጃ 2፦ ደብተር ላይ ስድስት ዓምድ አስምሩ

ዓመት። አሸናፊ። ፓርቲ። ሁለተኛ የወጣው። የድምፅ ብልጫ። እነዚህን አምስቱን የትኛውም ሰንጠረዥ ይሰጣችኋል። የብሪታንያ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚያወጣቸው ዝርዝሮች ለዚህ ጥሩ ናቸው። ከ1919 በፊት ላለው ዘመን የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔት ላይ በነፃ የለቀቃቸው የድሮ ጋዜጦች አሉ።

ስድስተኛውን ዓምድ ግን ራሳችሁ ጨምሩ። "እንዴት ወጡ?" ብላችሁ ሰይሙት። ተሸንፈው ነው? በጡረታ? ሞተው? ሌላ ሥራ አግኝተው? አሸናፊው የገባበትን በር ሁሉም ሰው ያያል። የቀድሞው የወጣበትን በር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የኢኒስ ሞን ምስጢር ያለው እዚያ ነው።

ደረጃ 3፦ ስሞቹን ከላይ ወደ ታች ሙሉ

ከ1929 እንጀምር። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ልጅ ሜጋን ሎይድ ጆርጅ በሊበራል ፓርቲ ስም ተወዳድረው አሸነፉ። ዕድሜያቸው 27 ነበር። ከዌልስ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል እሳቸው ናቸው። 22 ዓመት ቆዩ።

በ1945 አንድ ወጣት ጠበቃ ተነሣባቸው። የደሴቷ የወደብ ከተማ የሆሊሄድ ልጅ፣ የሌበር (የሠራተኞች ፓርቲ) ሰው ክሌድዊን ሂዩዝ። ሜጋን በ1,081 ድምፅ በለጡት። በ1950 እንደገና መጣ፣ በ1,929 ድምፅ እንደገና ተሸነፈ። ሌላ ሰው ቢሆን "በቃኝ፣ ይህቺ ሴትዮ አትነቀነቅም" ብሎ ሌላ ክልል ይፈልግ ነበር። እሱ ግን በ1951 ለሦስተኛ ጊዜ ቆመ። ውጤቱን በደብተራችሁ ላይ በትልቁ ጻፉት፦ ሂዩዝ 11,814፣ ሜጋን 11,219። ልዩነቱ 595። በዚያው ምርጫ በአገር ደረጃ ያሸነፉት ቸርችል ነበሩ። ሌበር አገሪቱን ሲያጣ አንግልሲን አገኘ።

ሂዩዝ ከዚያ ወዲያ 28 ዓመት ተቀመጡ፤ የዌልስ ሚኒስትርም፣ የግብርና ሚኒስትርም ሆኑ። በ1979 በፈቃዳቸው ሲለቁ ወንበሩ ለኮንሰርቫቲቭ (ወግ አጥባቂ) ፓርቲው ኪት ቤስት ሆነ። ቤስት ሁለቴ አሸንፈው በ1987 ሳይወዳደሩ ቀሩ፤ የብሪቲሽ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ ሳይፈቀድ ከአንድ በላይ ማመልከቻ ማስገባታቸው ታውቆ ነበር። ወንበሩን የዌልስ ብሔርተኛው ፓርቲ የፕላይድ ከምሪ ሰው ያያን ዊን ጆንስ ወሰዱት። እሳቸው ደግሞ በ2001 ለአዲሱ የዌልስ ምክር ቤት ሥራቸው ብለው ለንደንን ተዉ። የቀድሞው መርከበኛ አልበርት ኦወን ወንበሩን በ800 ድምፅ ብልጫ ወደ ሌበር መለሱት። በ2019 ኦወን በቃኝ ሲሉ ኮንሰርቫቲቯ ቨርጂኒያ ክሮዝቢ ገቡ። በ2024 የፕላይዷ ሊኖስ ሜዲ ክሮዝቢን አሸነፉ፤ 10,590 ለ9,953።

ደረጃ 4፦ አሁን ስድስተኛውን ዓምድ ብቻ አንብቡ

ሌሎቹን ዓምዶች በወረቀት ሸፍኗቸው። የምታዩት ይህ ነው፦ ተሸነፉ፣ ለቀቁ፣ ለቀቁ፣ ለቀቁ፣ ለቀቁ፣ ተሸነፉ።

ከ1951 እስከ 2024 ባሉት 73 ዓመታት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የተሸነፈ አንድም ሰው የለም። ወንበሩ ከፓርቲ ወደ ፓርቲ የዞረው ግን አራት ጊዜ ነው፤ በ1979፣ በ1987፣ በ2001 እና በ2019። አራቱም ጊዜ ባለወንበሩ በራሱ እግር የወጣበት ነው። አራቱም ጊዜ ደግሞ ፓርቲው ወንበሩን ለራሱ ሰው ማውረስ አልቻለም።

እኔ ከዚህ የማነበው አንድ ነገር ነው። ደሴቷ የምትመርጠው የምታውቀውን ሰው ነው። ሰውየው ሲሄድ ድምፁም አብሮት ይሄዳል። "ኢኒስ ሞን ሁሌ የምትዋልል ክልል ናት" የሚል ዘገባ ስታገኙ ይህን ዓምድ አስታውሱ። መራጩ እንዳሻው ይገለባበጣል ማለት ከዚህ ታሪክ ጋር አይገጥምም። 22፣ 28 እና 18 ዓመት በአንድ ሰው የጸና ሕዝብ ነው።

አገር አቀፉን ነፋስም ጎን ለጎን አስቀምጡ። በ1979፣ በ2001 እና በ2019 ደሴቷ ከአገሪቱ አሸናፊ ጋር ሄዳለች። በ1987 ግን የኮንሰርቫቲቯ ታቸር ለሦስተኛ ጊዜ ሲያሸንፉ እዚህ ፓርቲያቸው ወንበሩን አጣ። በ2024 ሌበር አገሩን ጠራርጎ ሲወስድ እዚህ የወጣው ሦስተኛ ነው።

ደረጃ 5፦ የድምፅ ብልጫን በእጃችሁ አስሉ

የብሪታንያ ምርጫ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያም ለተወካዮች ምክር ቤት በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ነው የሚያልፈው፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታው አይደለም። ኢኒስ ሞን ላይ ይህ ሥርዓት ምን እንደሚሠራ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሦስት ጠንካራ ፓርቲዎች አንድ ደሴት ላይ ይፋጠጣሉና።

2015ን ውሰዱ። አልበርት ኦወን 10,871፣ የፕላይዱ ተወዳዳሪ 10,642። ልዩነቱ 229 ነው። አሁን እርሳስ አንሡ። ከኦወን መራጮች 115ቱ ሐሳባቸውን ቀይረው ለፕላይድ ቢሰጡ ኖሮ ውጤቱ 10,756 ለ10,757 ይሆን ነበር። አንድ የሰርግ ድንኳን የሚሞላ ሰው ነው። አሸናፊውም ያገኙት ከጠቅላላው ድምፅ ሲሶ አይሞላም።

ቀጥሎ 2017ን እና 2019ን ጎን ለጎን አድርጉ። ሌበር ከ15,643 ወደ 10,991 ወረደ፤ 4,652 ድምፅ ጠፋበት። ኮንሰርቫቲቭ ከ10,384 ወደ 12,959 ወጣ፤ 2,575 ጨመረ። ፕላይድ ከ10,237 ወደ 10,418፣ ማለትም 181 ብቻ። "ኮንሰርቫቲቮች ደሴቷን ማረኩ" ተብሎ ይነገራል። ቁጥሩ ግን ትልቁ ነገር የሌበር መፍሰስ እንደነበር ያሳያል። አሸናፊውን ብቻ የሚያይ ሰው ይህ ያመልጠዋል።

ደረጃ 6፦ የፓርቲ ስም አይሸውዳችሁ

ሜጋን ሎይድ ጆርጅ በ1931 እና በ1935 የተወዳደሩት በነፃ ሊበራልነት ነው፤ ፓርቲያቸው ስለተከፋፈለ። ከእሳቸው በፊት በ1918 በ140 ድምፅ ብልጫ ብቻ ያሸነፉት ሰር ኦወን ቶማስም አንድ ቦታ ሌበር፣ ሌላ ቦታ የግል ተብለው ታገኟቸዋላችሁ። ሰንጠረዥ ላይ ያለው ቀለም አንድ ቃል ነው፤ ሰውየው ከዚያ ይሰፋል። ሁለት ምንጭ ሲጋጭባችሁ ከሁለቱ አንዱን አትሰርዙ፤ ሁለቱንም ጻፉና ለምን እንደተጋጩ ፈልጉ።

ደረጃ 7፦ የተሸነፈውን ሰው ተከተሉት

እዚህ ላይ ነው ጥናቱ የሚጣፍጠው። ሜጋን በ1951 ተሸንፈው ቤታቸው አልቀሩም። በ1955 ወደ ሌበር ገቡ፤ ያሸነፋቸው ፓርቲ ማለት ነው። በ1957 በደቡብ ዌልስ ካርማርዘን በተደረገ የማሟያ ምርጫ በሌበር ስም አሸንፈው ተመለሱ። በግንቦት 1966 ሞቱ። ወንበራቸው ባዶ ስለሆነ በሐምሌ ወር ሌላ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ያሸነፉት ግዊንቮር ኢቫንስ ናቸው፤ በ2,436 ድምፅ ብልጫ። በ1925 የተመሠረተው ፕላይድ ከምሪ ለንደን ፓርላማ የገባው በዚያ ቀን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እስቲ ክሩን ተከተሉት። በአንግልሲ 595 ድምፅ ባይኖር፣ ሜጋን ካርማርዘን ባልሄዱ ነበር። የ1966ቱ የማሟያ ምርጫም በዚያ ቀን፣ በዚያ መልኩ ባልመጣ ነበር።

ደረጃ 8፦ ለንደንን እና ካርዲፍን አትቀላቅሉ

ከ1999 ጀምሮ ዌልስ በዋና ከተማዋ በካርዲፍ የራሷ ምክር ቤት አላት፤ ዛሬ ሴኔድ ይባላል። ስም ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው የሁለቱን ውጤት ያደባልቃል። በነሐሴ 2013 ለካርዲፉ መቀመጫ በተደረገ የማሟያ ምርጫ የፕላይዱ ሪን አፕ ዮርወርዝ በ9,166 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ። በዚያው ሰዓት የዚያችው ደሴት የለንደን ተወካይ ሌበሩ አልበርት ኦወን ነበሩ። ያው ሕዝብ፣ ሁለት ሳጥን፣ ሁለት መልስ። ከ2026 ወዲህ ደግሞ የካርዲፉ ክልል ከዋናው መሬት ጋር ተቀላቅሎ ባንጎር ኮንዊ ሞን ሆኗል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ማወዳደሩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ዌልስ ለምትኖሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር በቅንፍ ሳይሆን በግልጽ ልበል። ለለንደን ፓርላማ ለመምረጥ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አይበቃም። ለሴኔድ እና ለአካባቢ ምክር ቤት ግን በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ አገር ዜጋ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ንገሩት።

ደረጃ 9፦ ሕዝቡ በምን ይኖር ነበር?

በሰባተኛ ዓምድ ወይም በደብተሩ ጠርዝ ላይ የሥራውን ነገር ጻፉ። የዊልቫ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ በ1971 ጀመረ፣ በ2015 መጨረሻ ቆመ። የአሉሚኒየም ማቅለጫው በ2009 ተዘጋ። የሆሊሄድ ወደብ ወደ ደብሊን የሚያሻግር የመርከብ በር ነው። ሂታቺ በዊልቫ ሊሠራ የነበረውን አዲስ ማመንጫ ያቆመው በጥር 2019 ነው፤ ወንበሩ እጅ የቀየረበት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። ይህ ያንን አመጣ ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። ጎን ለጎን አስቀምጡትና በዚያን ጊዜ ተወዳዳሪዎቹ ምን ይሉ እንደነበር በጋዜጣ አጣሩ።

ሕዝበ ውሳኔዎችንም እዚሁ ጨምሩ። በ1997 ዌልስ የራሷ ምክር ቤት ይኑራት ሲባል ደሴቷ 50.9 ከመቶ አዎ አለች። በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ሲባልም 50.9 ከመቶ አዎ አለች። ጎረቤት ከጎረቤት ለሁለት የተከፈለባት ደሴት ናት፣ ሁለቱም ጊዜ።

ኢኒስ ሞንን ስትጨርሱ በቀጥታ ወደ ካርማርዘን እለፉ። የሜጋን ስም ስለሚያገናኛቸው ከባዶ አትጀምሩም። እዚያ ግን ወሰኑ ባሕር አይደለም፤ ክልሉ በ1997 ለሁለት ተከፍሏል። ስለዚህ ከደረጃ 1 ጋር ቢያንስ አንድ ሙሉ ማታ ትቀመጣላችሁ።